«ሳራ ኤንድ አይ» ወይስ «ሳራ ኤንድ ሚ»?

ጥያቄ፦ ለሥራ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስጽፍ «ፕሊስ ሴንድ ዘ ሪፖርት ቱ ሳራ ኤንድ አይ» አልኩ። አለቃዬ «አይ»ን ሰርዞ «ሚ» አደረገው። ትምህርት ቤት ግን «ኤንድ ሚ» አይባልም፣ «ኤንድ አይ» በሉ እየተባልን ነው ያደግነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ «ሁለቱንም ተያቸውና ማይሰልፍ በዪ፣ ጨዋ ነው» ትለኛለች። ማንን ልስማ?
ግራ የገባኝ ነኝ

መልስ፦ አለቃሽን ስሚ።

እስቲ ሳራን ለጊዜው ከዓረፍተ ነገሩ አውጪያት። «ሴንድ ዘ ሪፖርት ቱ አይ» ትያለሽ? አትዪም፣ ጆሮሽ ራሱ እምቢ ይላል። «ቱ ሚ» ነው የምትዪው። ታዲያ ሳራ ስለተጨመረች ብቻ «ሚ» ምን ቤት ነው «አይ» የሚሆነው? አሁን ደግሞ «ሳራ ኤንድ ሚ ሮት ዘ ሪፖርት» የሚለውን ውሰጂ። ሳራ ስትወጣ «ሚ ሮት» ይቀራል። እዚህ ላይ «አይ» ነው የሚሆነው። ጸሐፊዎቹ እናንተ ናችሁና።

የትምህርት ቤቱ ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጅ «ሚ ኤንድ ሳራ ዌንት» ሲል አስተማሪው ያርመዋል። እርማቱ ልክ ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይነገርም። ልጁም «ኤንድ ካለ አይ በል» የሚለውን ብቻ ይዞ ያድጋል፣ ከዚያ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ይላል። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎችም ይህችን ይሏታል፣ ያውም ጥሩ ተናጋሪ መስለው መታየት ሲፈልጉ።

እኛን ደግሞ አማርኛችን ያዘናጋናል። «ለእኔ»፣ «ከእኔ»፣ «ስለ እኔ» ስንል «እኔ» ንቅንቅ አይልም። «ን» የሚጨመረው «እኔን ጠራኝ» እንደምንለው ድርጊቱ ሲያርፍብን ነው። እንግሊዝኛ ግን ከመስተዋድድ በኋላ፣ ማለትም ከ«ቱ»፣ ከ«ፎር»፣ ከ«ዊዝ»፣ ከ«ቢትዊን» ቀጥሎ «ሚ» ይፈልጋል። ሌላም አለ። እኛ «እኔና ሳራ» ብንል የሚቀየም የለም። በእንግሊዝኛ ሌላውን ማስቀደም ነው ጨዋነቱ፦ «ሳራ ኤንድ አይ»። ይሄ ግን የይሉኝታ ጉዳይ ነው፣ የሰዋስው ሕግ አይደለም።

ወደ ባልደረባሽ ምክር ልምጣ። «ማይሰልፍ» የራሱ ሥራ አለው። አንደኛ፣ ድርጊቱ ወደ አድራጊው ሲመለስ ይገባል፦ «አይ ሶው ማይሰልፍ ኢን ዘ ሚረር»፣ ራሴን በመስታወት አየሁ። ሁለተኛ፣ ነገሩን ለማጥበቅ ይጠቅማል፦ «አይ ሮት ኢት ማይሰልፍ»፣ እኔው ራሴ ጻፍኩት። በሁለቱም ላይ «አይ» ቀድሞ ተቀምጧል። ባንቺ ኢሜይል ውስጥ ግን ሪፖርቱን የሚልከው ሌላ ሰው ነው። «ሴንድ ኢት ቱ ማይሰልፍ» የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ቢሮ ውስጥ ቃሉ ረዘም ስለሚል ክብር ያለው ይመስላቸዋል። እኔን ግን መኮፈስ መኮፈስ ይሸተኛል።

ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምተሽ በር አንኳኩተሽ «ማነው?» ስትባዪ «ኢት ኢዝ አይ» እንዳትዪ። የድሮ ሰዋስው አጥባቂዎች ትክክሉ እሱ ነው ይላሉ። ሰው ግን «ኢትስ ሚ» ነው የሚለው፣ አንቺም እንደሱ በዪ። «ከእኔ ትረዝማለች» ለማለትም በጨዋታ «ቶለር ዛን ሚ» ምንም አይልም። ፈተና ላይ ከሆንሽ ወይም መደበኛ ደብዳቤ ከጻፍሽ «ዛን አይ አም» ብትዪ ማንም አፉን አይከፍትብሽም።

ኢሜይሉን መልሰሽ ስትልኪ አንድ ነገር እይ። «አይ» ዓረፍተ ነገር መሀል ቢገባም ሁልጊዜ በትልቁ ፊደል ነው የሚጻፈው። «ሚ» መሀል ላይ ሲሆን በትንሹ ይበቃዋል።