ጆሮ የሰጠው ሰው

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ነገረ መለኮት ትማራለች፤ ዘንድሮ ግሪክኛ ጀምራለች። «ጋሼ፣ ዲያብሎስ ማለት ሐሜተኛ ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

ልክ ናት። «ዲያ» አሻግሮ፣ «ባሎ» እወረውራለሁ ማለት ነው። ነገር ወርውሮ ሰውን ከሰው ማጣላት «ዲያቦሌ» ይባላል፤ ወርዋሪው «ዲያቦሎስ»። እኛ ዘንድ የሰይጣን ስም ሆኖ ቀረ እንጂ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሴቶች ሲጽፍ ያንኑ ቃል ለሰው ተጠቅሞበታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የማያሙ» ይለዋል።

የዛሬ 40 ዓመት ገደማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ 31፣ ሹመቱ ራሴ ላይ ወጥቷል። የንብረት ክፍሉ ሹም ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ፣ እርሳስ እንኳ ሲሰጡ ሦስት ጊዜ የሚቆጥሩ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ሻይ ቤት የምሳ ጓደኛዬ ስኳሩን እያማሰለ «ሰውዬው ጎማ እያወጡ ይሸጣሉ ይባላል» አለኝ። ማን አለ? ብዬ አልጠየቅኩም። ቆጠራ ሲደረግ አራት የጭነት መኪና ጎማ ጎደለ። በቃ። የእግድ ደብዳቤ አስተየብኩ።

ቆመው አነበቡት። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ይጣራል» አልኩ፣ ጠረጴዛዬን እያየሁ። ከኪሳቸው በሽቦ የታሰሩ ቁልፎች አወጡ። እያንዳንዱን ለይተው፣ ይሄ የጎማ፣ ይሄ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ይሄ የኋላው በር እያሉ አስረከቡኝ። አሥራ አንድ ነበሩ።

ግሪኮች ለእንደ ጓደኛዬ ዓይነቱ ሌላም ቃል አላቸው፤ «ሲኮፋንቴስ»። ጥንት በአቴና ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። የፈለገ ዜጋ ተነስቶ ይከስ ነበር። እናም ክስን መተዳደሪያ ያደረጉ ሰዎች በቀሉ። ቃሉ ሲፈታ «በለስ ገላጭ» ነው። ከአገር በለስ የሚያወጣውን የሚያጋልጥ ማለት ነው የሚል ተረት አለ፤ ሊቃውንቱ ብዙም አያምኑትም። ዘኬዎስ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ» ሲል በግሪክኛው ይህ ቃል ነው ያለው። የወጣባት ሾላ ስምም ከዚያው ከበለስ ነው የሚነሳው። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ሳቀች። እንግሊዞች ደግሞ ቃሉን ወስደው አሽቃባጭ አደረጉት፤ ጓደኛዬ ሁለቱንም ነበር።

አቴናውያን መላ አበጁ። በአንዳንድ ክሶች ከዳኞቹ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያላገኘ ከሳሽ 1,000 ድራክማ ይቀጣል። ለሰሚው ግን ቅጣት አልነበረም። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399፣ በ70 ዓመቱ ሲከሰስ፣ ከፊቱ ከቆሙት ይልቅ ለዓመታት ስሙን ያጠፉትን እንደሚፈራ ተናግሯል። እነሱን ጠርቶ መጠየቅ አይቻልም፤ ከጥላ ጋር መታገል ነው አለ። የእኔም አዛውንት የገጠማቸው «ይባላል» ነበር።

እናንተ ደግሞ በዚህ ብሳችኋል። አንድ ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ይለቀቅና ማታውኑ የሰው ስም አፈር ይበላል። ኧረ ልተወው፤ ስክሪንሾት እንኳ ሲሆን የሚታይ ነገር ነው። እኛ በሻይ ወሬ ነበር ሰው የምናባርረው።

አትሙ ብዬ አልመክራችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ግን አለቃ ስትሆኑ፣ ትሆናላችሁም፣ የታማውን ሰው ጥሩት። ወንበር ስጡት። ከደብዳቤው በፊት።

ከ14 ወር በኋላ ኦዲተሮች የዕቃ ወጪ ቅጹን፣ ሞዴል 22ን፣ አገኙ፤ ሌላ ፋይል ውስጥ ገብቶ። አራቱ ጎማዎች ለቅርንጫፍ ወጪ ሆነዋል፤ ተረካቢው ፈርሟል። የንብረት ክፍሉን ወንበር የያዘው ማን ይመስላችኋል? የምሳ ጓደኛዬ። አዛውንቱ ያኔ የጡረታ ጊዜያቸው አልፏል፤ ሽኝት እንኳ አልተደረገላቸውም።

አፔለስ የሚባል ጥንታዊ ሠዓሊ፣ በሐሰት ተከሶ ከተረፈ በኋላ፣ ዲያቦሌን በሴት መስሎ እንደሣላት የጥንቱ የግሪክኛ ጸሐፊ ሉቂያኖስ ጽፏል። ወጣቱን በፀጉሩ እየጎተተች ወደ አንድ ትልልቅ ጆሮ ያለው ሰው ታመጣዋለች። ጥቁር የለበሰችው ጸጸት ከኋላ ትከተላለች፤ ከሁሉ ኋላ የምትመጣው እውነት ናት። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቦቲቼሊ ከጽሑፉ ተነስቶ የሣለውን በመጽሐፍ ሳየው እጄ ሳላስበው ጆሮዬን ነካ።

ቤታቸው የሄድኩት ሞዴሉ በተገኘ በሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቡና ተፈላልኝ። ይቅርታዬን ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «ያ የጎማ መጋዘኑ ጣራ ያፈስ ነበር፤ ተሠራ?» አሉኝ።

አልተሠራም ነበር።