ልዩ ኃይል ለመግባት ለምትመኙ ልጆች

ልጆቼ፣

የልዩ ኃይል ስም ሲነሣ አብዛኞቻችሁ ፊት ድቅን የሚለው ጥቁር ለብሶ በገመድ ከጣሪያ የሚወርድ ኮማንዶ ነው። ይህ ምስል ዓለምን ያዳረሰው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1980 የብሪታንያው ልዩ ኃይል ኤስ ኤ ኤስ ለንደን ውስጥ የኢራንን ኤምባሲ ሰብሮ ገብቶ ታጋቾችን ባስለቀቀ ጊዜ ነው። ሥራው በ17 ደቂቃ አለቀ። በዚያች ሰዓት ግን የአንደኛው ወታደር ገመድ ተጠላልፎ አየር ላይ አስቀረው፤ ሊያግዘው የሞከረ ጓደኛው ሳያስበው መስኮት በእግሩ ሰበረ፤ ድምፁም ከውስጥ ተሰማ። እኔ እንድታስቡ የምፈልገው ስለዚያች መስኮት ነው።

ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 24፣ አሜሪካኖች ቴህራን የታገቱ ሰዎቻቸውን ለማስፈታት 8 ሄሊኮፕተር ከመርከብ አስነሥተው ነበር። ለሥራው ቢያንስ 6 ያስፈልጋል። አንዱን ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ የብልሽት ምልክት አስቀረው፣ አንዱን አቧራ መለሰው፣ አንዱ በረሃው ላይ ካረፈ በኋላ ሃይድሮሊኩ ተበላሸ። 5 ሲቀሩ ዘመቻው ተሰረዘ፤ ለመመለስ ሲነሡ አንዱ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተላትሞ 8 ሰው ሞተ። በ1991 ደግሞ ኢራቅ የገባ 8 ሰው ያለው የኤስ ኤ ኤስ ቡድን የተሰጠው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የተሳሳተ ነበር። ከቡድኑ ከሞቱት 3 ሰዎች ሁለቱን የገደላቸው ብርድ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የጀግንነት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ መልማዮች አጥብቀው የሚፈልጉት ደክሞት፣ ርቦት፣ እንቅልፍ አጥቶ እንኳ ትንሿን ነገር የማይዘነጋ ሰው ነው።

የኤስ ኤ ኤስን የመጨረሻ የተራራ ጉዞ ተመልከቱ። ዌልስ ውስጥ ብሬከን ቢከንስ በሚባሉት ተራሮች ላይ 64 ኪሎ ሜትር ያህል በ20 ሰዓት ይኬዳል፤ ጀርባ ላይ 25 ኪሎ ገደማ አለ፣ ጠመንጃና ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ይከብዳል። አካፍሉት፤ በሰዓት 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። ፈጣን አይደለም። ሰው የሚወድቀው የተሳሳተ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ሲወጣ ነው። ካርታ ላይ ምልክት ማድረግ ክልክል ነው። ያላችሁበትንም በጣት ሳይሆን በሣር ጫፍ አሳዩ፤ በ1፡50,000 ካርታ አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሆነ ጣታችሁ አንድ ሙሉ ኮረብታ ይሸፍናል። የሄዳችሁትን ርቀት ለማወቅ ርምጃ መቁጠርን ከአሁኑ ልመዱ፦ 100 ሜትር ስትሄዱ ግራ እግራችሁ ስንት ጊዜ መሬት ይረግጣል? ለብዙ ሰው ከ60 እስከ 70 ነው፤ ዳገትና ሸክም ሲኖር ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስለዚህ ለየብቻ ቆጥራችሁ ያዙት።

እግራችሁን እንደ መሣሪያ ያዙት። አዲስ ከስክስ ተጫምቶ ለፈተና መሄድ ራስን መጣል ነው። ከውስጥ ስስ፣ ከላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጉ። ተረከዝ ላይ ሙቀት የተሰማችሁ ደቂቃ ቁሙና በፕላስተር ለጥፉት፤ «እረፍት ላይ እስክንደርስ» ያለ ሰው ሲደርስ ውኃ ቋጥሮ ያገኘዋል። ሸክም በ10 ኪሎ ጀምሩ፤ ክብደትና ርቀት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ተሸክሞ ቁልቁል መሮጥ የቅልጥም አጥንትን ይሰነጥቃል። ከባዱን ዕቃ ከላይ፣ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ እሰሩት።

ሙቀትን ፍሩ። በጁላይ 2013 በነዚያው ተራሮች በምልመላ ጉዞ ላይ 3 ሰዎች በሙቀት ሞተዋል። ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተደነባበረ ወይም ከተንገዳገደ «ጠንከር በል» አትበሉት፤ ጭነቱን አውርዱለት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ እርዳታ ጥሩ፣ ማጓጓዙ ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ ያለ ልክ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ይገድላል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንታችሁ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ጡንቻችሁ እየፈረሰ ኩላሊታችሁን እየጎዳ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከተኩስ ሌላም ሙያ እንዳለ እወቁ። የአሜሪካ ግሪን ቤሬት ቡድን 12 ሰው ነው፤ የመሣሪያ፣ የምሕንድስና፣ የሕክምናና የመገናኛ ባለሙያ ሁለት ሁለት አለው፣ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ግማሽ ሙሉ እንዲሆን። ከእነዚህ ሥልጠናው ረጅሙ የሕክምናው ነው። ባዮሎጂ አንብቡ፣ የሰው ቋንቋ ተማሩ።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ይህን ያለ ልመና አላልፈውም። ሲልስ የሚባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ኃይል መግቢያው 457 ሜትር ዋና ስለሚጠይቅ ብዙ ልጅ ወደ ገንዳ ይሄዳል፤ ከዋናው አልፎም ብቻውን ትንፋሽ መያዝ ይለማመዳል። «ተንፍስ» የሚለው ስሜት የሚመጣው በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ነው። ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሱ እሱ ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑ ግን ብዙም አይጨምርም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ኦክስጅን ያልቅና ሰው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኛም በዚሁ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ ተንፍሳችሁ አትጥለቁ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ይጠብቅ፤ የሚጠብቀውም ዓይኑን ከእሱ ላይ አያንሣ፣ ከወጣ በኋላም በደንብ ተንፍሶ እስኪናገር ድረስ።