«መጀመሪያ እንለካ» ማለትህ ልክ ነበር

ከጎንደር አዘዞ ለጻፍክልን ወንድማችን፦

በኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ 4 ጨርሰህ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ በረዳትነት ትሠራለህ። በአንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል መስመሮች በአንዱ) ጎን ለጎን ከተዘረጉት ሁለት ነጠላ ኬብሎች አንዱ ሲግል አለቃህ «በወፍራም ቀይረው» አሉህ፤ «መጀመሪያ እንለካ» ስትል ተቆጡህ። አባትህም ሙያውን ትተህ ሒሳብ አያያዝ እንድትማር ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ብለህም ጠይቀሃል።

ስለ ኬብሉ ልክ ነህ፤ ሙያህም እዚሁ ላይ ነው ያለው። 400 አምፒር ከረንት (በኬብል የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መጠን) እኩል ቢካፈል ለያንዳንዱ ኬብል 200 ይደርሰዋል። አንዱ 260 ከወሰደ፣ ሙቀቱ የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ስለሆነ 1.69 እጥፍ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቀዝቃዛው ኬብል ላይ ነው፦ ጫፉን የሚያስረው ብሎን ላልቶ ወይም ላጉ (ጫፉ ላይ የሚጨመቀው ማሰሪያ) በደንብ ሳይጨመቅ ቀርቶ ከረንት እንቢ ሲል፣ ጤነኛው ከድርሻው በላይ ይሸከማል። የጋለውን በወፍራም ብትቀይረው ጭራሽ የበለጠ ይስባል፤ የላላው ብሎንም እንደላላ ይቀራል።

ፓነሉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ስላለበት ኃላፊው ባሉበት፣ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ጓንት ሥራ። ወፍጮው ሙሉ ጭነት ላይ እያለ እያንዳንዱን ኬብል ለብቻው በክላምፕ ሜትር (ኬብሉን ሳይቆርጥ ዙሪያውን ይዞ ከረንት በሚለካ መሣሪያ) ለካ። ሙቀቱ ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ማሰሪያውን ጠርጥር፤ ርዝመቱን ሙሉ ከጋለ ከረንቱ በዝቶበታል። ከዚያ አጥፍተህ፣ ብሬከሩን ቆልፈህ፣ መጥፋቱን በመለኪያ አረጋግጠህ የሁለቱንም ኬብሎች ጫፎች ፈትሽ፤ ብሎኑን አምራቹ ባዘዘው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቅ። ማሰሪያው ደህና ከሆነ ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል መሆኑን፣ መዳብ ከአሉሚኒየም አለመደባለቁንም እይ። የአንድ ፌዝ ኬብሎች ብቻቸውን በብረት ቱቦ ካለፉ ደግሞ ብረቱ ራሱ ይግላል፤ በየቱቦው ሦስቱም ፌዞችና ኒውትራሉ አብረው ማለፍ አለባቸው። ሽፋኑ ፒቪሲ ከሆነ ሽቦው ከ70 ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

አባትህ ስለ ገቢህ ቢጨነቁ እውነት አላቸው፤ ምክራቸውን ግን አልቀበልም። የጨረስከውን ሙያ ጥለህ፣ እንደገና ለዓመታት ከፍለህ፣ የባንክ የሥራ ማስታወቂያ መጠበቅ ቤተሰቡን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ያ ገንዘብ ካለ ክላምፕ ሜትር ይገዛበት፤ ብልሽት ፈልጎ ማግኘት የሚችል ሰው ጎንደር ውስጥም ይፈለጋል።

አዲስ አበባ መሄዱ ይቆይ። የብቃት ምዘናውን ካልወሰድክ ዘንድሮ ተፈተን።

ከአለቃህ ጋር አትከራከር። ስድስቱንም የፌዝ ኬብሎች ለክተህ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ወረቀቱን ስጣቸው።