ቁልፉን የደበቀው ረዳት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዛሬ ረዳት ሆናችሁ ነገ መሪ ለምትጨብጡት ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወረደው በማርሽ ነው። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው የፍሬኑ ሸራ ይግልበታል። ከጋለ በኋላ ቢረግጠውም አይዝለትም።

ረዳት ሳለሁ ሹፌሬ ሲቅም አድሮ፣ ምርቃናውን በአረቄ ሰብሮ ንጋት ላይ መጣ። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ማርሹ ሁለት ጊዜ ጮኸበት። ያ ሰው ማርሽ የሚስት አልነበረም። አየሁ፣ ዝም አልኩ። ያበላኛል፣ አልፎ አልፎም ያስነዳኛል፤ ምን ብዬ ልናገር? ሐረጎ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ቦይ ውስጥ ገብተን ቆምን። ሰው አልሞተም። የአንዲት እናት ክንድ ግን ተሰበረ። በነጠላቸው ሳስርላቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ አላየኸውም ነበር?» አሉኝ።

እኛ ወሎ ጫትን መናገር ይከብደናል። የዱዓ ነው፣ ሽማግሌ ይዞ የሚመርቅበት ነው። እኔም ዱዓ ላይ ተቀምጬ ያደግሁ ነኝ፤ ክፉ አላወራበትም። ግን ዱዓ ላይ የተቀመጠ ሰው መሪ አልያዘም። ጫት እንቅልፍን ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም። ምርቃናው ሲወርድ የሌሊቱ ዕዳ ባንዴ ይመጣል። አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውየው ራሱን ጤነኛ አድርጎ ያያል።

ታዲያ ተሳፋሪ ፊት አትናገሩት፤ እልህ ይይዘዋል። መኪናው ሳይነሳ ለብቻው ጠጋ በሉት። «ሰክረዋል» ሳይሆን ያያችሁትን፦ «ጋሼ፣ ማርሹ ሁለቴ ጮኸ፤ ትንሽ ይረፉ» በሉት። እምቢ ካለ ለስምሪት ሠራተኛው ወይም ለትራፊክ ፖሊስ ንገሩ። አሳባቂ ይሏችኋል። ይበሉ።

ኋላ እኔም ጭነት መኪና ስይዝ ቃሚ ሆንኩ፤ ምን አስደብቆኝ! አንድ ሌሊት ወልዲያ ላይ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ቁልፌን አጣሁት። ረዳቴ ጋ ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ይተኙ፤ ከዚያ እሰጥዎታለሁ» አለኝ። ሰደብኩት። ለጥፊም እጄን አነሳሁ። አልሰጠኝም። ጋቢና ገብቼ ጋደም አልኩ። ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። ልጁ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ቁልፉን እንደጨበጠ እንቅልፍ ወስዶታል።

ሦስት ቀን አኮረፍኩት።