መልስ፦ አልትራሳውንድ ላይ ካርቦን ምን ይጨምራል?
"አልትራሳውንድ ብቻውን ዕጢ ይገድላል ይባላል፤ ታዲያ የካርቦን ናኖ ቅንጣት ለምን ተፈለገ?" ላልከው።

እውነት ነው፣ አልትራሳውንድ (ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ) ይገድላል። ሂስቶትሪፕሲ የሚባለው ዘዴ ዕጢን ያለ ሙቀት፣ በድምፅ ብቻ ይፈጨዋል። አሜሪካ ለጉበት ዕጢ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ግን ኃይለኛ ድምፅ ይፈልጋል።

የካርቦኑ ሐሳብ በደካማ ድምፅ መሥራት ነው። እንደ ግራፊን ኦክሳይድ (በጣም ስስ የካርቦን ንጣፍ) ያሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ዕጢው ውስጥ ይገባሉ። ድምፁ ሲመጣ ጥቃቅን አረፋዎች እነሱ ላይ በቀላሉ ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ ሲፈርጡ ሴሉን የሚጎዱ ንቁ የኦክስጅን ውህዶች ይወጣሉ። በብርሃንም ተመሳሳይ ሕክምና አለ፤ ብርሃን ግን እንደ ድምፅ ጠልቆ አይገባም።

ደስ ይላል፣ ግን ረጋ እንበል። ሥራው በአብዛኛው ገና ላብራቶሪና አይጥ ላይ ነው። ረጃጅም የካርቦን ናኖቲዩቦች (እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎች) ደግሞ አይጥ ላይ እንደ አስቤስቶስ፣ ማለትም ሲተነፈስ ሳንባን እንደሚጎዳው ቃጫማ ማዕድን፣ ዓይነት ጉዳት አሳይተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ቅንጣቱ ከሰውነት እንዴት እንደሚወጣ ነው።