ልጄ መድረክ ላይ ደርቃ ቀረች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጃፓን ነው። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ዮቺየን (መዋዕለ ሕፃናት) የገባችው በኤፕሪል ነው። ባለፈው ዲሴምበር ኦዩጊካይ የሚሉት የልጆች ትርኢት ነበራቸው። ጥንቸል ናት ተብላ ለሳምንታት ቤት ውስጥ ስትዘል ከረመች። መጋረጃው ሲከፈት ግን ረጃጅም ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ደርቃ ቀረች። ስንወጣ አባቷ «ቤት ያበድሽበት ጭፈራ የት ገባ?» ቢላት አለቀሰች። ሰንሰይዋ (መምህሯ) ግን «ጎበዝ ነበረች» ትለኛለች። ለይሉኝታ ነው ወይስ የምሯን? ከጓደኞቿ ወደኋላ ቀርታ ይሆን?
የጥንቸሏ እናት

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የኔው ልጅ ኤሊ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መቆሚያው እንዲሆን ወለሉ ላይ በተለጠፈችው ቀይ ፕላስተር ላይ ቆመ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም። ኤሊ አይደል ብዬ ተጽናናሁ።

ሰንሰይዋ የምሯን ነው። ከመድረኩ ሥር ቁጢጥ ብላ ጭፈራውን ስታሳያቸው አላየሻትም? ትንንሾቹ እንደሚደርቁ፣ እንደሚያለቅሱ፣ «እማዬ!» ብለው እጅ እንደሚያውለበልቡ ታውቃለች። ቃል በቃል እየተነጋገሩ ድራማ የሚሠሩት ትልልቆቹ፣ ኔንቾ የሚባለው የመጨረሻው ዓመት ክፍል ልጆች ናቸው። እኛ ጋ ከኮክ ፍሬ የተወለደውን የሞሞታሮን ተረት ሲሠሩ አምስት ሞሞታሮ ነበር፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለአምስት ተካፍለው። (የእናቶችን ኩርፊያ ለማስቀረትም ይመስለኛል።)

ቤት ውስጥ እስከነ ዘፈኑ ከቻለችው ደግሞ ምኑን ወደኋላ ቀረች? ያስደነገጣት አዳራሹ ነው። በልምምድ ጊዜ ባዶ ነበር፤ የዚያን ቀን በማታውቃቸው ሰዎች ተሞላ። እናቷን ስትፈልግ ደግሞ ያገኘችው ምናልባት ስልክ ነው። የኔው በብስክሌት ስንመለስ ከኋላዬ ሆኖ «እማዬ፣ ፊትሽን አጣሁት» አለኝ። ለካ አሥር ደቂቃ ሙሉ ስቀርጸው ነበር። እስካሁን ያንን ቪዲዮ ከፍቼ አላየሁትም።

በሚቀጥለው ዓመት ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ብዙ ዮቺየኖች ባለሙያ አስቀርጸው ዲቪዲ ይሸጣሉ፤ ቀደም ብለሽ ጠይቂ። እኛ ጋ ተራው የደረሰ ክፍል ወላጆች ፊት ተቀምጠው ሲጨርሱ ለቀጣዮቹ ይለቃሉ። እናንተም ጋ እንደዚያ ከሆነ ፊት ሂጂ። የት እንደምትቀመጪም ጠዋት ንገሪያት።

ለሰንሰይዋ «ቤት ትጨፍራለች፤ ልምምድ ላይስ እንዴት ነበረች?» ብለሽ በአጭሩ ጻፊላት። ጃፓንኛሽ ቢሰባበርም ይገባታል። ባለቤትሽም ይቅርታ ይጠይቃት፤ ከዚያ ዛሬ ማታ እሱ ጥንቸል ይሁንና ታስተምረው።

የኔ ኤሊ በሁለተኛው ዓመት ድብ ሆነ። ከፕላስተሩም ተነቃነቀ። ሁሉም ወደ ግራ ሲዞር እሱ ወደ ቀኝ ዞሮ ጎኑ የነበረውን ድብ ጣለው።