አይጠምዝዙት፤ አልወጣ ያለ ባለ እግር አምፖል እንዴት ይነቀላል?

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ፦ «ሳሎናችን ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ 6 ክብ መብራቶች አሉ። አምፖሎቹ የሚጠመዘዙ አይመስሉም፤ አራት አራት የመስታወት ጣት አላቸው። ሁለቱ ተቃጥለዋል። አንዱን ላወጣ ሳዞረው ቀጭ ሲል ፈርቼ ተውኩት። ሌላው ወር ያህል ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ጨርሶ ጠፋ፤ ብስበው ንቅንቅ አይልም። ምን ላድርግ?»

አብሽሩ፣ ሁለቱም ይወጣሉ። ማዞሩን መተውዎ ግን ደግ ሆነ። ይህ አምፖል እንደ ኤሌክትሪክ መሰኪያ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚነቀል እንጂ የሚጠመዘዝ አይደለም። እግሮቹ (የብረት መሰኪያዎቹ) ያሉበት ነጭ ፕላስቲክ ሆልደሩ ውስጥ ይገባና በጎንና በጎን ያሉ የሞላ ጥርሶች ጨብጠው ይይዙታል። መስታወቱ ደግሞ ከዚህ ፕላስቲክ ጋር የተያያዘው በማጣበቂያ ነው። መስታወቱን ይዘው ሲያዞሩት ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው ማጣበቂያው ላይ ነው። የሰሙት ቀጭታ ወይ የእሱ ነው፣ ወይ የሆልደሩ ጠርዝ ሲሰነጠቅ ነው።

ያ ብልጭ ድርግም ሲል የቆየው ለምን እንደተጣበቀ ከራሱ ከአመሉ ይታወቃል። አምፖልዎ ባለ ሁለት እግር ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ዓይነቱ ስታርተሩ፣ ማለትም አምፖሉን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ያለው ፕላስቲኩ ውስጥ ነው። አምፖሉ ሲያረጅ ስታርተሩ ላብራ ላብራ እያለ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በየሙከራው የአምፖሉ ሁለት ጫፍ ይግላል። ሁለቱም ጫፎች ደግሞ የሚያልቁት እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ለወር እንዲህ ሲጋገር የከረመ ፕላስቲክ ቡናማ ይሆናል፣ ይላላል፣ መልሶ ሲቀዘቅዝ ከሆልደሩ ጋር ተያይዞ ይደርቃል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አየር በማያገኝ የኮርኒስ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ መርገብገብ የጀመረ አምፖል በዚያው ቀን ቢነቀል በጣት ይወጣል፤ ሲከርም ነው ትግል የሚሆነው።

አሁን ወደ ሥራው። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) እንዲቆርጥ ተደርጎ የተዘረጋ ቤት ያጋጥማል፤ እዚያ ቤት መብራቱ ቢጠፋም 220 ቮልቱ ሆልደሩ ላይ እንዳለ ነው። ብሬከሩን ያውርዱ። መብራት ሄዷል ብለውም ብሬከሩን ሳይነኩ እንዳይጀምሩ፤ መሰላል ላይ እንዳሉ ሊመጣ ይችላል። ቴስተርዎን መጀመሪያ መብራት ባለው ሶኬት ላይ ሞክረው መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ብሬከሩን አውርደው የሚሠሩበትን መስመር ይፈትሹ። የሞተ ቴስተር ሁሉንም «የለም» ነው የሚለው። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። መሰላሉን የሚይዝልዎ ሰው ይኑር፤ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቦ መውጣት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ምክንያቱም አምፖሉ ድንገት ሲለቅ ክንድዎ ወደ ታች ይወረወራል። መነጽር ያድርጉ፤ ስባሪ ቢወርድ የሚወርደው ቀና ያለ ፊት ላይ ነው።

የልብስ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ያጥልቁ። ከሹራብ ጓንት እሱ ይሻላል፣ ላስቲኩ ፕላስቲኩን ይይዛል። ጣቶችዎን መስታወቱን አሳልፈው ነጩን ፕላስቲክ ይጨብጡ። መጀመሪያ አይሳቡ፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮርኒሱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ገፋ ያድርጉት። የተጋገረውን መያያዣ የሚያላቅቀው ይህ መግፋት ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ቀጥሎ ወደ አራቱም አቅጣጫ በትንሹ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ያነቃንቁት፤ ያኔ እያነቃነቁ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ጣትዎ የሚንሸራተት ከሆነ በጠንካራ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ፕላስቲኩን (መስታወቱን አይደለም) ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልለው፣ በሁለት ወገን አንድ አንድ ስንዝር ጅራት ያስቀሩለት። ሁለቱን ጅራት እኩል ሲስቡት ኃይሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

እጅዎ አልገባ ካለ የሚያብረቀርቀው ክብ ቆርቆሮ ነው የከለከለዎ። እሱ በሁለት ሞላ ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጠርዙን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ዝቅ ሲያደርጉት ሞላዎቹ ይታያሉ፤ አንድ በአንድ ወደ ላይ አጥፈው ይያዟቸው፣ አለዚያ ጅብሰሙን ይገምጡታል፤ ጣትም ይመታሉ። አካሉ ሲወርድ ሽቦው ላይ እንዳይንጠለጠል ደገፍ ያድርጉት። ሆልደሩን ከጎን ካገኙት በኋላ ሥራው ይቀላል፦ በቀጭን ካቻቪቴ የሞላውን ጥርስ ገለል እያደረጉ በሌላው እጅ አምፖሉን መሳብ ነው። ካቻቪቴውን በፕላስቲኩና በሆልደሩ መካከል ከትቶ መፈልቀቅ ግን ሆልደሩን ይሰነጥቃል። የዛገ ብሎን የሚያላቅቅ ቅባት መርጨትም ነውር ነው፤ ፕላስቲክ ያሰነጥቃል፣ ቀጥሎ የሚሞቅ ቦታ ላይ ተቀጣጣይ ነገር ያስቀራል።

ያ ቀጭ ያለው መስታወቱ ብቻውን ሊወጣ ይችላል። ከወጣ፣ ብሬከሩ መውረዱን ደግመው አይተው፣ የቀረውን ፕላስቲክ በረጅም አፍ ፒንሳ ነክሰው በዚያው ዘዴ ይጎትቱ።

መስታወቱ ከተሰበረ፦ ውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። አይሽበሩ፣ ግን አይናቁትም። ልጆችን ያስወጡ፣ የደሴ ብርድ ቢሆንም መስኮት ከፍተው ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ክፍሉን ይልቀቁት። በመጥረጊያ አይጥረጉ፣ ዱቄቱን ይበትነዋል። ስባሪውን በጠንካራ ካርቶን ሰብስበው፣ ደቃቁን በፕላስተር እየለጠፉ አንስተው፣ ወለሉን በእርጥብ ወረቀት ይወልውሉ። ሁሉንም ክዳን ባለው ብልቃጥ ከትተው ከቤት ያውጡ። ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር መጣል ፈጽሞ አይገባም፤ ሜርኩሪው በጭሱ ይወጣል። ሳይሰበር የወጣውንም ቢሆን በጋዜጣ ጠቅልለው ለብቻ ያቆዩት።

አምፖሉ ወጣ እንበል። ሆልደሩን በባትሪ ይዩት። ቡናማ ከሆነ፣ ጠርዙ ከተሰበረ ወይም ሞላው ከላላ አዲስ አምፖል አይስጡት፤ በዋጋ ከአምፖሉ ብዙም አይርቅም፣ አብሮ ይቀየር። ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። «ባለ 26 ዋት» ማለት ብቻ አያስገዛም። ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ያስነብቡ፦ ጂ 24 ዲ ባለ ሁለት እግር ነው፣ ጂ 24 ኪው ባለ አራት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ዋቱን ይከተላል፤ 1 ለ10 እና ለ13፣ 2 ለ18፣ 3 ለ26። ያለ ቦታው በግድ የሚገፋ አምፖል ነው የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚያመጣው።

ኤል ኢ ዲ ልግዛ ካሉ ምርጫው ጥሩ ነው፣ ግን ካርቶኑን ያንብቡ። አንዳንዱ ካለው ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከሚመጥነው ዕቃ) ጋር ይሠራል፤ አንዳንዱ ባላስቱ ተዘልሎ 220 ቮልት በቀጥታ እንዲገባለት ይፈልጋል። ባላስቱን መዝለል ሽቦ መቁረጥ ስለሆነ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉት፤ እግረ መንገዱንም 6ቱንም ቢሠራልዎ ይረክሳል፣ የቀሩት አራቱ ዕድሜያቸው ያው ነውና።

አዲሱን ሲያስገቡ እግሩን ከቀዳዳው አስተካክለው ፕላስቲኩን ይዘው ይግፉ፤ ሞላው ሲነክሰው ይሰማዎታል። ብሬከሩን መልሰው ሲያበሩት የደሴ ማለዳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደብዘዝ ቢል ከብርዱ ነው። ጨርሶ ካልበራ አዲሱን ከሚበራው ጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩት፤ በእርግጥ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርደው። እዚያ ከበራ የሞተው ባላስቱ ወይም ሽቦው ነው።